የደከመ ድንጋይ

ከብዙ ዓመት በፊት ነው። አንድ ፈረንጅ እንግዳ ይዤ ላሊበላ ሄድኩ። ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆመን ቁልቁል ስናይ እንግዳዬ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ደስ አለኝ። መቼም የአገርን ነገር ለባዕድ እንደ ማሳየት ያለ ጉራ የለም፤ እኔው ራሴ ፈልፍዬ ያወጣሁት ይመስል ደረቴን ነፍቼ ቆሜአለሁ። በመጨረሻ ሰውየው ወደ እኔ ዞር አለና፣ በትህትና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የእውነት ግን ማን ነው የሠራው?» አለኝ።

«የእውነት ግን» የምትለዋን ልብ በሉልኝ።

የመለስኩለትን አላስታውስም። ራቱ አልበላ እንዳለኝ ግን አስታውሳለሁ። ከዚያ ወዲህ ይህችን ታሪክ በስንት ሠርግና በስንት ልቅሶ ቤት እንዳወራኋት ራሴ ነኝ የማውቀው። «ንቀታቸው እኮ!» እላለሁ፤ ሰሚውም አብሮኝ ይቆጣል። አንዳንዱ ብልጥ «እኛስ ብንሆን መላእክት አገዙ እንል የለ?» ሲለኝ መልሱ ተዘጋጅቷል። እሱ ሌላ ነው። መላእክት የሚያግዙት መጀመሪያ ሠራተኛ ሲኖር ነው። የእኔ እንግዳ ግን ሠራተኛውን ጭራሽ አላየውም።

ያችን ታሪክ ማውራት ካቆምኩ አሁን ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። ለምን እንዳቆምኩ ልንገራችሁ።

ሥራ ፔሩ ድረስ ወሰደኝ። ሊማ ላይ ስብሰባው ሲያልቅ ሁለት ሦስት ቀን ተረፈኝና የኢንካዎች መናገሻ ወደ ነበረችው ወደ ኩስኮ በረርኩ። «ከተማዋ ከፍታ ላይ ናት፣ ያምሃል፣ ተጠንቀቅ» ሲሉኝ በሆዴ ሳቅሁ። አዲስ አበባ ተወልዶ ላደገ ሰው ስለ ከፍታ ይነገረዋል? ኩስኮ ግን 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከእንጦጦም ትበልጣለች ማለት ነው። አንዷን ዳገት ሳልጨርስ ልቤ ከበሮ ይመታ ጀመር። የሆቴሉ ሰዎች የኮካ ቅጠል ሻይ ሰጡኝና ተጋደምኩ። ትዕቢቴ የመጀመሪያውን ኩርኩም የቀመሰው እዚያ ነው።

በማግስቱ ያገኘኋት አስጎብኚ ታላቅ እህቴ የምትሆን፣ አጠር ያለች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። አፏን የፈታችው በኬቿ ነው፤ ኢንካዎቹ ይናገሩት በነበረው ቋንቋ። በቀጥታ ይዛኝ የሄደችው ሃቱን ሩሚዮክ ወደሚባለው ጠባብ መንገድ ነው። ትርጉሙም «ትልቅ ድንጋይ ያለበት» እንደማለት ነው። በአንዱ ወገን ረጅም የኢንካ ግንብ አለ፤ ስፔኖች ከላዩ የሊቀ ጳጳስ መኖሪያ ሠርተውበታል። ግንቡ መሐል ላይ ጎብኚ ሁሉ ተሰብስቦ በጣቱ የሚቆጥረው አንድ ድንጋይ አለ። አሥራ ሁለት ማዕዘን አለው። አሥራ ሁለቱም ከጎረቤት ድንጋዮች ጋር ያለ ጭቃ፣ ያለ ኖራ፣ ምላጭ እንኳ እንዳያስገባ ሆኖ ገጥሟል።

እኔም ቆጠርኩ። ሁለት ጊዜ። ከዚያ እነዚህ ሰዎች ብረት እንዳልነበራቸው፣ መንኮራኩርም እንዳልነበራቸው አውሮፕላን ላይ ያነበብኩት ትዝ አለኝ። ወደ ሴትየዋ ዞር አልኩና፣ በትህትና፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «የእውነት ግን ማን ነው የሠራው?» አልኳት።

ቃሉን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ጆሮዬ ጋለ። ያ የላሊበላ እንግዳዬ ከጎኔ ቆሞ «እንኳን ደህና መጣህ» የሚለኝ መሰለኝ።

ሴትየዋ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አያቶቼ» አለች። ጥቂት ቆየችና ደግሞ፣ «ሁሉም ሰው እንዴት እንደሠሩት ይጠይቀኛል። ለምን እንደሠሩት የሚጠይቀኝ በዓመት አንድ ሰው ባገኝ ነው» አለችኝ።

እንግዲህ «እንዴት» የሚለውን ቶሎ ልጨርሰው። ለዚህ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር አያስፈልግም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የሥነ ሕንፃ መምህር የነበረው ዣን ፒየር ፕሮትዘን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከኢንካዎቹ የድንጋይ መፍለጫ ሄዶ፣ እዚያው የወደቁትን ጠንካራ የድንጋይ መዶሻዎች አይቶ፣ ራሱ ሞከረው። አራት ኪሎ ያህል የሚመዝን ድቡልቡል ድንጋይ አነሣና አንዴሳይት በሚባለው ከእሳተ ገሞራ በሚወለድ ድንጋይ ላይ እያነጠረ ቀጠቀጠ። ለጠርዙ ትንሽ መዶሻ ተጠቀመ። የአንዲት ትንሽ ጥርብ ድንጋይ ሦስት ገጽታ ከነጠርዙ ከአንድ ሰዓት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ወጣለት። እሱ ያወጣው ጠባሳ፣ መሐሉ ላይ ሰፋ፣ ጠርዙ ላይ ደቀቅ ያለው፣ በኢንካዎቹ ግንብ ላይ ካለው ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ድንጋይን በድንጋይ፣ ጊዜን በትዕግሥት። ይኸው ነው «ምሥጢሩ»።

«ለምን» የሚለው ግን ቶሎ አያልቅም።

በእኛ ቋንቋ ድንጋይ የሚሰደብበት ነገር ነው። የማይገባው ሰው «ድንጋይ ራስ» ይባላል። የማይራራው «ልቡ ድንጋይ ነው»። ኢንካዎቹ ይህን ቢሰሙ ግራ ይገባቸው ነበር። በእነሱ ዘንድ ድንጋይ ይሰማል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይቆጣል፣ ይደክማል። ፈጣሪያቸው ዊራቆቻ የመጀመሪያዎቹን ሰዎች አጥፍቶ ድንጋይ እንዳደረጋቸው ይተረካል። ኩስኮን ሊመሠርቱ ከዋሻ ከወጡት ወንድማማቾች አንዱ በዋናካውሪ ተራራ ላይ ድንጋይ ሆኖ ቀርቷል፤ ይህ ድንጋይ ከከተማይቱ ታላላቅ ቅዱሳን ሥፍራዎች አንዱ ነበር። ቻንካ የሚባሉት ጠላቶች ኩስኮን በወረሩ ጊዜ ደግሞ የሜዳው ድንጋዮች ተነሥተው፣ ወታደር ሆነው ተዋጉ፤ ጦርነቱ ሲያልቅም መልሰው ድንጋይ ሆኑ። ፑሩራውካ ይባላሉ። ከዚያ በኋላ እንደ ባለውለታ መሥዋዕት ይቀርብላቸው ነበር።

ልብ በሉ፤ ሰው ድንጋይ ይሆናል፣ ድንጋይም ሰው ይሆናል። መንገዱ በሁለቱም በኩል ክፍት ነው። ነገሥታቱም እያንዳንዳቸው «ዋውቂ»፣ ማለትም «ወንድም»፣ የሚሉት ምስል ነበራቸው። አንዳንዱ ከድንጋይ የተሠራ ነው። ይህ ወንድም ይለብሳል፣ ግብር ይቀርብለታል፣ የራሱ መሬትና አገልጋይ አለው። ንጉሡ በሌለበት በንጉሡ ቦታ ይቀመጣል። መልኩ ንጉሡን ይምሰል አይምሰል ማንም አይጨነቅም። ንጉሡን መወከሉ በቂ ነው።

«ይሄ የነገሥታቱ ነው» አለችኝ አስጎብኚዬ። «አያቴ ግን ገበሬ ነበረች። እርሻዋ ዳር የቆመ አንድ ድንጋይ ነበር። መጀመሪያ ለእሱ ቺቻ ሳታቀምስ ዘር አትዘራም።» ቺቻ ከበቆሎ ብቅል የሚጠመቅ የእነሱ ጠላ ነው። «ባለቤቱ እሱ ነው፣ እኛ እንግዶች ነን ትል ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ከከተማው በላይ ወዳለው ወደ ሳክሳይዋማን ወጣን። ሦስት ደረጃ ያለው፣ እንደ መጋዝ ጥርስ እየገባ እየወጣ የሚሄድ ግንብ ነው። ከድንጋዮቹ ውስጥ ከመቶ ቶን በላይ ይመዝናሉ ተብሎ የሚገመቱ አሉ። ከዚያ ብዙም ሳንርቅ ቄንቆ ደረስን። እዚያ ግንብም የለም ማለት ይቻላል። ያለው አለት ነው። አለቱን ሳይነቅሉ፣ ሳይሰብሩ፣ እላዩ ላይ ደረጃ፣ መቀመጫ፣ ፈሳሽ የሚወርድበት ቦይ ቀርጸውበታል። በሌላም ቦታ እንዲሁ ነው፤ ግንቡ ከተፈጥሮው አለት ላይ ይጀምርና አለቱ የቱ ጋ አልቆ ግንቡ የቱ ጋ እንደጀመረ ለመለየት ያስቸግራል። አለቱን ድል አድርገው የሠሩበት አይመስልም። አስፈቅደው የቀጠሉለት ይመስላል።

ሁሉም የኢንካ ቤት እንዲህ ነው እንዳትሉ። አብዛኛው ከሻካራ ድንጋይና ከጭቃ፣ ወይም ከጭቃ ጡብ የተሠራ ነው። ይህን የሚያህል ድካም የሚፈስበት ግንብ የአማልክትና የነገሥታት ነው። ስለ ኢንካዎችና ስለ ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ2010 መጽሐፍ ያሳተመችው የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪ ካሮሊን ዲን እንደምትገልጸው፣ በጥንቱ ኬቿ ለዚህ ዓይነቱ ግንብ የሚነገረው ቃል «መንከስ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። ድንጋዩ በትንሽ በትንሹ ይነከሳል፣ ይቆረጠማል። ድንጋዮቹም እርስ በርስ ይናከሳሉ። ከታች ያለው ከላይ ለሚመጣው ልክ ራሱ ላይ ይቦረቦራል። የሚመጣው ባለ ጉብታ ከሆነ የሚቀበለው ባለ ጉድጓድ ይሆናል። ስለዚህ አንዱን ድንጋይ አውጥታችሁ ሌላ ቦታ ብትወስዱት ከማንም ጋር አይገጥምም። አሥራ ሁለት ማዕዘን ያወጣው ጎረቤቶቹ ስለበዙ ነው።

ይህን ስሰማ የጋዜጣ ጸሐፊነት አመሌ ተነሣብኝ። «እንዴት ያለ የማኅበራዊ ኑሮ ምሳሌ ነው!» አልኩ። «ማንም ማንንም አይተካም፤ እያንዳንዱ ለጎረቤቱ ይጠረባል፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ!» ተረቱን ተረጎምኩላት። ሴትየዋ ሰማችኝና፣ «ነገ ኦላንታይታምቦ እወስድሃለሁ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

ኦላንታይታምቦ በሸለቆ ውስጥ ያለች ጥንታዊ ከተማ ናት። ከተራራው ጫፍ የቤተ መቅደሱ ጅምር ይታያል። ድንጋዩ የመጣው ከወንዙ ማዶ፣ ካቺቃታ ከሚባል ተራራ ላይ ነው። ከዚያ ቁልቁል አውርደው፣ ወንዙን አሻግረው፣ እንደገና ሽቅብ በሰው ጉልበት እየጎተቱ ማለት ነው። መንገዱ ላይ ግን ያልደረሱ አሉ። ግዙፍ ጥርብ ድንጋዮች፣ እዚያው የቆሙበት ቀርተዋል። የአገሬው ሰው የሚጠራቸው «የደከሙ ድንጋዮች» ብሎ ነው።

ደከማቸው። ድንጋዮቹን።

ስለ አንድ የደከመ ድንጋይ ጋርሲላሶ ዴ ላ ቬጋ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1539 ኩስኮ ውስጥ ከስፔናዊ አባትና ከኢንካ ልዕልት የተወለደ ሰው ነው፤ መጽሐፉ በ1609 ታተመ። ወደ ሳክሳይዋማን ሲጎተት የነበረ አንድ ድንጋይ መንገድ ላይ ደክሞት ቀረ፣ ደምም አለቀሰ ይባላል ይለናል። ጋርሲላሶ ግን እዚህ ላይ አያቆምም። ድንጋዩን ከሃያ ሺህ በላይ ሰው ይጎትተው ነበር፤ ግማሹ ከፊት ይስባል፣ ግማሹ ከኋላ ይይዛል። ቀጥ ያለ ቁልቁለት ላይ ከኋላ የያዙት አልቻሉትም። ተንሸራተተና ሦስት አራት ሺህ ሰው ገደለ። እናም ደም ያለቀሱት እነሱ ናቸው፣ የደከሙትም እነሱ ናቸው፤ በራሳቸው የደረሰውን ለድንጋዩ ሰጥተው ነው የሚያወሩት ሲል ይፈታዋል። ቁጥሩ በዝቶ ይሆናል። የስፔን ጸሐፊው ሲየሳ ዴ ሊዮንም ለዚሁ ሥራ ሃያ ሺህ ሰው ከየአውራጃው ይመጣ እንደ ነበር ጽፏል። አራት ሺው ይፈልጣል፣ ስድስት ሺው በቆዳና በቃጫ ገመድ ይጎትታል፣ የቀረው መሠረት ይቆፍራል። ተራው የደረሰ ይመጣል፣ የጨረሰ አገሩ ይገባል። «ሚታ» ይባላል፤ ለመንግሥት የሚከፈል የጉልበት ግብር ነው። መንግሥት ያበላል፣ ያጠጣል። ሠራተኛው ግን «አልመጣም» ማለት አይችልም።

ከደከመው ድንጋይ አጠገብ ቁጭ ብዬ የትናንትናው ተረቴ አሳፈረኝ። ለካ ሎሚውን የተሸከመው ሰው ሸክሙ ጌጥ መሆኑን ማንም አልጠየቀውም።

ይህ መንግሥት ሰውን ብቻ ሳይሆን ድንጋይንም እንደ ሰው ከአገር አገር ያዘዋውር ነበር። በዛሬይቱ ኢኳዶር፣ ሳራጉሮ አካባቢ 450 የሚሆኑ ጥርብ ድንጋዮች ይገኛሉ። የአርኪዮሎጂ ተመራማሪው ዴኒስ ኦግበርን ይዘታቸውን በመሣሪያ መርምሮ ከኩስኮ አጠገብ ካለው ከሩሚቆልቃ የተፈለጡ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ2004 አሳተመ። 1,600 ኪሎ ሜትር! ትልልቆቹ በመቶዎች ኪሎ ይመዝናሉ። ኢኳዶር ድንጋይ ጠፍቶ ነው? አይደለም። የሚፈለገው ኩስኮ ራሷ እንድትሄድ ነው። ድንጋዩ የደረሰበት ቦታ ኩስኮ ይሆናል። የጎተተው ሕዝብም ለማን እንደሚገዛ በትከሻው ያውቃል።

ስፔኖች በ1533 ኩስኮ ሲገቡ ይህንን ሳይረዱት አልቀሩም። ሳክሳይዋማንን እንደ ድንጋይ መፍለጫ ተጠቅመው በድንጋዩ ካቴድራልና መኖሪያ ቤት ሠሩበት፤ ሊያነቃንቁት ያልቻሉት ብቻ ቀረ። የፀሐይ ቤተ መቅደስ በነበረው በቆሪካንቻ ላይ ደግሞ የሳንቶ ዶሚንጎን ገዳም አቆሙ። በሜይ 1950 የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን ሲያናውጣት ከላይ ያለው ገዳም ብዙ ክፍሉ ተናደ። ከታች ያለው የኢንካ ግንብ ቆሞ ቀረ፤ እንዲያውም ተሸፍኖ የነበረው ሁሉ ተገለጠ። አስጎብኚዬ ይህንን ስትነግረኝ በድል አድራጊነት አልነበረም። «ሰው ሞቷል እኮ በዚያ ጊዜ» አለች።

መንቀጥቀጥ ያልጎዳውን ሰው ይጎዳዋል። በ2000 ማቹ ፒቹ ላይ የቢራ ማስታወቂያ ሲቀረጽ ክሬን ወድቆ ኢንቲዋታና የሚባለውን የተቀደሰ ድንጋይ ጠርዙን ሸረፈው። በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ አንድ ሰው ያንን ባለ አሥራ ሁለት ማዕዘን ድንጋይ በብረት ደብድቦ ስድስት ቦታ ላይ አቆሰለው። ዜናውን እዚህ አዲስ አበባ ሆኜ ስሰማ አንድ የማውቀው ሰው የተመታ ያህል ደነገጥኩ። ለአስጎብኚዬ አጭር መልእክት ጻፍኩላት። «ሄጄ ጠየቅሁት፤ ቆሟል» ብላ መለሰችልኝ። ልክ እንደ ታመመ ዘመድ።

ወደዚያች የመጨረሻ ቀን ልመለስ። ከኦላንታይታምቦ ስንመለስ መንገዱ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ወጣ። መኪናው ቆመና ወረድን። መንገዱ ዳር የድንጋይ ክምር አለ፤ ትልቅም ትንሽም፣ ማንም እንደ ነገሩ የጣለው የሚመስል። «አፓቼታ» ይባላል አለችኝ። ከኢንካዎቹ ዘመን ጀምሮ ዳገቱን የጨረሰ መንገደኛ አንድ ድንጋይ ያስቀምጥና ድካሙን እዚያው ትቶ ይሄዳል።

እዚያ ላይ ሆኜ ነው ሁሉንም የነገርኳት። የላሊበላውን እንግዳዬን፣ የበላሁትን ንዴት፣ እሱን ስረግም ኖሬ ራሴ እሱኑ ሆኜ መምጣቴን። ቀጥዬም በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ ፊት ጎንበስ ብሎ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ነገርኳት። ጆሮዋ ቆመ።

«ድንጋዩ ከባድ ነው?» አለችኝ።

«እንደ በደሉ ነው» አልኳት።

አጎንብሳ መሬቱን ቃኘችና ጭብጥ የማትሞላ ጠጠር አንሥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። «እንግዲያው ያንተ ይቺን ታህላለች» ብላ ሳቀች።

ክምሩ ላይ አስቀመጥኳት። እውነቱን ለመናገር ቀለል አለኝ። የላሊበላውን ታሪክም ከዚያ ወዲህ አውርቼው አላውቅም፤ ከዛሬ በቀር።